ለፈረሳችሁ ድብዳብ የመንዝ ባና ልትገዙ ነው? ይህን አንብቡ

ጅማ መርካቶ ውስጥ «ንጹህ የበግ ፀጉር፣ የመንዝ ባና» እያለ ለባለፈረስ የሚሸጥ ሰው አለ። ተጠንቀቁት። ስሙን አልጽፍም፣ ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። ገና በር ላይ «ወንድሜ» ይላል። ዋጋ ሳትጠይቁት «ለአንተ ነው በዚህ» ይላል። ደረሰኝ ስትሉት «በደረሰኝ ከሆነ ይጨምራል» ይላል።

ድብዳቡን፣ ማለት ከኮርቻው ሥር ፈረሱ ጀርባ ላይ የሚደረገውን፣ ራሴ ልሰፋ ነበር ሐሳቤ። ገበያ ላይ ያለው በስፖንጅ የተሞላ ነው። ስፖንጅ ላቡን ያቁራል፣ ሙቀት ያፍናል፣ ጥቂት ከተጋለበበት ደግሞ ይተኛል። የበግ ፀጉር ላቡን ይመጥጣል፣ ተጭነውትም ተመልሶ ይነሳል። ባናውን 75 ሴንቲ ሜትር በ75 አድርጎ አራት ጊዜ መደረብ፣ አቡጀዲ ማልበስ፣ በማዳበሪያ መርፌ መስፋት፣ በቃ።

ሰውየው ከባናው ጠርዝ ክር መዝዞ ፊቴ በክብሪት ለኮሰው። የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ፣ ክሩም በጣት ሲነካ አመድ ሆነ። እውነተኛ ሱፍ እንዲህ ነው፤ አርቴፊሻሉ ቀልጦ ጥቁር ጠጠር ይሠራል። እስከዚህ አልዋሸም። ከዚያ «ለፈረስ ከሆነ ምን አደከመህ? ልጁ ደራርቦ በመኪና ይሰፋልሃል፣ የእጅ አልጠይቅህም» አለኝ።

ልጁ ባናውን ታቅፎ ከመጋረጃው ኋላ ገባ። ሰውየው ቡና አስመጣ። የፈረሴን ስም ጠየቀኝ። ዕድሜውን ጠየቀኝ፣ ቀለሙን ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ስለ ፈረሴ ማውራት መች እጠግባለሁ! የስፌት መኪናው ሲንኳኳ እየሰማሁ አወራሁለት። ለካ ጥያቄው ሁሉ ዓይኔ ከመጋረጃው እንዲነሳ ነው። ልጁ ሲመለስ ዕቃው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በፕላስተር ታሽጎ ነበር። «ዝናብ እንዳያገኘው» አለኝ። በጅማ ዝናብ ማን ይከራከራል?

ቤት ወስጄ አቡጀዲውን አለበስኩት፣ ጠርዙን በቆዳ ከፈፍኩት። ወደ ዴዶ መንገድ ጋልቤ ተመልሼ ኮርቻውን ሳወርድ የፈረሴ ጀርባ እንደ ምጣድ ይግላል። ሁለት ቦታ አብጧል። ትንሽ ብቆይ ገጣባ ይሆን ነበር። እንዲህ የተጎዳ ጀርባ ቢድንም ነጭ ፀጉር ነው የሚያበቅለው፤ የጋሪ ፈረሶች ላይ የምታዩት ነጭ ምልክት ይኸው ነው።

ድብዳቡን በምላጭ ተረተርኩት። ከላይ ባና፣ ከሥር ባና። መሃሉ የአሮጌ አክሪሊክ ብርድ ልብስ ቁርጥራጭ። ለኮስኩት፣ ቀለጠ። ያበጠው ቦታ ላይ ልክ የብርድ ልብሱ ወፍራም ጠርዝ ተጋድሟል።

ይዤለት ሄድኩ። ያ ሁሉ «ወንድሜ» የለም። ከስልኩ ቀና ሳይል «ማን ነው የቀደደው?» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። «የተቀደደ ዕቃ እንዴት ብዬ እቀበላለሁ?» የፈረሱ ጀርባ አብጧል ስለው ወደ ልጁ ዞሮ «ፈረሱ ነው የላከው» አለው። ልጁ በሳቅ ፈነዳ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አለ፣ 813/2006፣ አልኩት። «ደረሰኝህን አምጣና አብረን እናነበዋለን።» ንጉሡ በፈረሱ ስም አባ ጅፋር ተብሎ በተጠራበት ከተማ! የፈረሴን ስም ጠይቆ፣ ቡና አጠጥቶኝ!

ፈረሱን በቀዝቃዛ ውሃ እያጠብኩት ነው። እብጠቱ እስኪጠፋ ኮርቻ አይነካውም።

እናንተ ባናውን እንደተዘረጋ ተቀብላችሁ ውጡ፣ መደረቡን ቤታችሁ ጨርሱት። ደረሰኝ ቢጨምርም ያዙ። እኔ ጋ የተረፈው ሁለት ቁራጭ ባና ነው፣ ሁለት ይጎድለኛል። እውነተኛውን የሚሸጥልኝ ካለ ይጻፍልኝ። ክብሪት ይዤ ነው የምመጣው፣ እንዳይከፋችሁ።