አዳማ ላይ የስሮትል ሴንሰር ለምታስገጥሙ፦ ቮልቱን ሳታዩ እንዳትከፍሉ

የፋብሪካውን ኮምፒውተር አውጥታችሁ በላፕቶፕ የሚስተካከል ሌላ ኮምፒውተር ያስገባችሁ፣ ወይም ለማስገባት ያሰባችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ። ስሮትል ፔዳሉ ሲረገጥ ተከፍቶ ለሞተሩ አየር የሚያስገባው በር ነው፤ ሴንሰሩ ደግሞ በሩ ምን ያህል እንደተከፈተ ለኮምፒውተሩ በቮልት ይነግረዋል። አዳማ ውስጥ "ሴንሰሩም ከእኛ፣ ሽቦውም ከእኛ፣ አስነስተን እናስረክባለን" የሚል ነገር አለ። ወንድሜ ለአሮጌ ኮሮላው 18,000 ብር ከፍሎ የተረከበው የማይነሳ መኪና ነው። የጋራዡን ስም አልጠራም፤ አሠራሩን ካወቃችሁ የትም ቢገጥማችሁ ትለዩታላችሁ።

ሽቦውን የገጠመው ልጅ ቴስተር (ቮልትና ኦም መለኪያ) እንኳ አልያዘም። በቀለም ነው ያገናኘው፤ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር። የሽቦ ቀለም ደግሞ ከመኪና መኪና ይለያያል። ከኮምፒውተሩ ወደ ሴንሰሩ የሚሄዱት አምስት ቮልቱና ኔጌቲቩ ቦታ ተለዋወጡ፤ ፔዳሉን ማንም ሳይነካው ኮምፒውተሩ ስሮትሉን ሙሉ ለሙሉ እንደተከፈተ አድርጎ ያነባል። ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ኮምፒውተሮች ሞተር ሲነሳ ስሮትሉን ሙሉ ክፍት ካገኙት "ቤንዚን በዝቶበታል" ብለው ነዳጅ ይቆርጣሉ። ስለዚህ ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሳም። ጋራዡ "ፓምፑ ሞቷል" አለ፤ ፓምፕ ተገዛ። "ካንዴላ ነው" አለ፤ ካንዴላ ተቀየረ። በኋላ ሌላ ባለሙያ ናስትሮውን ፈትቶ ሁለቱን ሽቦ ሲያለዋውጣቸው ወዲያው ተነሳ። ፓምፑ ምንም አልነበረበትም! እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው፤ እነሱ ላጠፉት ጥፋት ደንበኛው ዕቃ ይገዛል።

ዕቃው ራሱም መታየት አለበት። በአሮጌ መኪኖች ላይ መልኩ ሴንሰር የሚመስል፣ ውስጡ ግን "ተዘግቷል" እና "ሙሉ ተከፍቷል" ከማለት ያለፈ የማያውቅ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ከተፈታ መኪና አውጥተው እሱን ይሸጡላችኋል። የእናንተ ኮምፒውተር የሚፈልገው ቀስ እያለ የሚጨምር ቮልት ስለሆነ አይሠራላችሁም። ባለ አራት ሽቦው የቶዮታ ሴንሰር ላይ ደግሞ ቪሲ አምስት ቮልቱ፣ ኢ2 ኔጌቲቩ፣ ቪቲኤ መልእክት የሚልከው ነው፤ አይዲኤል የሚባለው ግን የሚኒሞ፣ ማለትም ፔዳሉ እንዳልተረገጠ ብቻ የሚናገር ማብሪያ ነው። በቪቲኤ ፋንታ አይዲኤልን አገናኝተው መኪናው ሲንገራገጭ "ኢንጀክተር ይታጠብ" የሚሉ አሉ።

ከመግዛታችሁ በፊት ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉና ሴንሰሩን በእጅ አዙሩት። በሁለቱ ጫፎች (በአምስት ቮልቱና በኔጌቲቩ እግር) መካከል ያለው ንባብ ምንም ሳይለወጥ መቆየት፣ በመልእክቱ እግርና በአንዱ ጫፍ መካከል ያለው ደግሞ ሳይዘል መውጣትና መውረድ አለበት። መሀል ላይ ከጠፋ ወይም ከዘለለ አትግዙት።

ከተገጠመ በኋላ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱና ሰውየው ፊታችሁ ይለካ። በጫፎቹ መካከል አምስት ቮልት ገደማ መምጣት አለበት። አሥራ ሁለት ካሳየ ከባትሪ መስመር ቀጥሎላችኋል ማለት ነው፤ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥልባችሁ ይችላልና ቁልፉን ወዲያው ዝጉ። መልእክቱ ፔዳሉ ሳይረገጥ 0.5 ቮልት አካባቢ ሆኖ፣ ሲረገጥ በዝግታ እየጨመረ ወደ 4.5 መጠጋት አለበት። ላፕቶፑ ላይ ዜሮና መቶ የሚባሉት ነጥቦች (ስሮትሉ የተዘጋበትና ሙሉ የተከፈተበት) ሲያዙም ስሮትሉ ከሞተሩ ጋ በእጅ ተስቦ ሳይሆን ሰው መኪናው ውስጥ ገብቶ ፔዳሉን ረግጦ ይሁን፤ ገመዱ የላላ ከሆነ ወይም ምንጣፉ ከያዘው በእግር መቶ ላይ አትደርሱም። ኔጌቲቩም ከኮምፒውተሩ የሴንሰር መስመር እንጂ ከሞተሩ ብሎን ላይ አይወሰድ። ከብሎን ከተወሰደ መብራት ወይም ፋን ሲነሳ ንባቡ ይዋዥቃል፤ ኮምፒውተሩም ፔዳል የተረገጠ መስሎት ቤንዚን ይጨምራል።

"ዱባይ የተስተካከለ ፋይል (ለኮምፒውተሩ የነዳጁን መጠን የሚነግር) ጭነንላችኋል" ለሚሏችሁም ቦታ አትስጡ። ዱባይ የባሕር ዳርቻ ናት፤ አዳማ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊትም ከዚያኛው አምስተኛ በሚጠጋ ያንሳል። የአየር ግፊት ሳይለካ በስሮትል ንባብ ብቻ የሚሠራ ፋይል እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ወደ አዲስ አበባ ስትወጡ ይብስበታል።

ከሁሉም የሚከፋው የመጨረሻው ጨዋታቸው ነው። የመልእክቱ ሽቦ ከአምስት ቮልቱ ወይም ከኔጌቲቩ ጋር ከተቀያየረ፣ በአንዳንድ ሴንሰር ላይ ስሮትሉ ጫፍ ሲደርስ አምስት ቮልቱ በቀጥታ ኔጌቲቩን ይነካል። ያን ጊዜ በዚያው መስመር የሚሠሩት ሌሎች ሴንሰሮችም አብረው ይጠፋሉ፣ ሞተሩም ቀጥ ይላል። "ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል፣ በትንሽ ብር እንውሰድላችሁና ሌላ እንስጣችሁ" ይላሉ። እንዳትሰጧቸው። የሴንሰሩን ሶኬት ነቅላችሁ ቁልፉን ክፈቱና አምስት ቮልቱን ከኮምፒውተሩ በኩል እንደገና ለኩት። ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ከተመለሰ ኮምፒውተራችሁን ይዛችሁ ከዚያ ጋራዥ ውጡ።