ኮፒና ኮንስታንት ለተምታታባችሁ፦ አስተማሪዬን ልጠቁማችሁ

ምስጋናው ለፕሮግራሚንግ አስተማሪዬ ነው። ጥቆማው ደግሞ ክላስ መጻፍ ለምትችሉ፣ ግን ኦብጀክት (ከክላሱ የሚፈጠረው ነገር) ኮፒ ሲደረግ ውስጥ ውስጡን ምን እንደሚካሄድ እርግጠኛ ላልሆናችሁ ሁሉ። ትምህርቱ አንድ ለአንድ፣ በኦንላይን፣ ስክሪን እየተጋሩ ነው። ስሟ አደባባይ እንዲወጣ ስለማትፈልግ የፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

እኔ የጀመርኩት በሲ ፕላስ ፕላስ ነው። ብዙ ማስተማሪያ ኮፒ ኮንስትራክተር (አዲስ ኦብጀክትን ከነባሩ ገልብጦ የሚሠራው ፈንክሽን) እንዴት እንደሚጻፍ ያሳይና ያልፋል። እሷ መጀመሪያ የምትጠይቀው መቼ እንደሚጠራ ነው። አዲስ ኦብጀክት ከነባር ኦብጀክት ሲፈጠር ይጠራል። ነባር ኦብጀክትን ለፈንክሽን በቫልዩ (ኮፒውን እየሰጠን) ስናሳልፍም ይጠራል። ቀድሞ በተፈጠረ ኦብጀክት ላይ ሌላውን ስንገለብጥ ግን የሚሠራው አሳይመንት ኦፐሬተሩ ነው። ሁለቱም ቦታ የእኩል ምልክት ሊገባ ስለሚችል ብዙ ሰው አንድ ይመስሉታል።

ቀጥላ ደግሞ ኮፒ ኮንስትራክተር ፓራሜትሩን (የሚሰጠውን ኦብጀክት) በሪፈረንስ፣ ማለትም ኮፒ ሳይደረግ ዋናውን በማመልከት፣ የሚቀበለው ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። በቫልዩ ቢቀበል ኖሮ ፓራሜትሩ ራሱ ኮፒ መደረግ ነበረበት። ለዚያ ኮፒ ኮንስትራክተሩ ይጠራል፣ እሱም እንደገና ኮፒ ይፈልጋል፣ ማለቂያ የለውም። ኮምፓይለሩም (ኮዱን የሚተረጉመው ፕሮግራም) ገና ከጅምሩ እምቢ ይላል። ሪፈረንሱ ላይ ኮንስት («አይቀየርም» የሚለውን ቃል) የምንጨምረው ደግሞ ምንጩ እንዳይነካ ነው። ካልጨመርን ኮንስት የሆነ ኦብጀክትን ኮፒ ማድረግ አንችልም።

ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ የሚይዝ ቫሪያብል) ላይ ስንደርስ ወረቀት አስወጥታ ታስላለች። እኛ ካልጻፍንለት ኮምፓይለሩ የራሱን ኮፒ ኮንስትራክተር ይሠራል፣ እያንዳንዱን አባል እንዳለ ይገለብጣል። አባሉ ቁጥር ከሆነ ችግር የለም። ፖይንተር ከሆነ ግን የተገለበጠው አድራሻው ብቻ ነው። «ቁልፍ አስቀረጽክ እንጂ ሁለተኛ ቤት አልሠራህም» አለችኝ። ፖይንተሩ የሚያመለክተው አሬይ (የዋጋዎች ድርድር) ቢሆን፣ አንዱ ኦብጀክት አሬዩን ሲቀይር የሌላውም ይቀየራል። የባሰው መጨረሻ ላይ ነው፦ የሁለቱም ዲስትራክተር (ኦብጀክቱ ሲያበቃ የሚያጸዳው ፈንክሽን) ያንኑ ሜሞሪ ለመልቀቅ ይሞክራል። ከዚያ በኋላ ለሚሆነው ቋንቋው ምንም ዋስትና አይሰጥም። ወዲያው ክራሽ ካደረገ እሰየው ነው። ዝም ብሎ ቆይቶ ሌላ ቦታ ላይ ከወደቀ ግን ፈልጎ ማግኘቱ ጉድ ነው።

ከዚህ ነው የሦስቱ ሕግ የሚመጣው። ዲስትራክተር መጻፍ ያስፈለገው ክላስ ኮፒ ኮንስትራክተርና ኮፒ አሳይመንትም ሊያስፈልገው ይችላል። ከ2011 ስታንዳርድ ወዲህ ሁለት የሙቭ (ይዘትን ከመገልበጥ ይልቅ የሚያዛውሩ) ፈንክሽኖች ተጨምረው አምስት ሆነዋል። የእሷ ምክር ግን ከተቻለ አንዱንም አትጻፉ ነው። ሜሞሪውን ራሳችሁ ከምታስተዳድሩ ቋንቋው ያዘጋጃቸውን ቬክተርና ስትሪንግ ተጠቀሙ፣ እነሱ ይዘታቸውን በትክክል መገልበጥ ያውቃሉ። (ይህን መጀመሪያውኑ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ብያታለሁ። ሳቀች።)

ከሌሎች የለየኋት ኮንስታንት ላይ ነው። ኮንስት የሆነ አባል ዋጋውን የሚያገኘው ኮንስትራክተሩ አካል ውስጥ ሳይሆን ከዚያ በፊት፣ በኢኒሻላይዜሽን ዝርዝሩ ወይም አባሉ በተጻፈበት መስመር ላይ ነው። እዚህ ድረስ ማንም ያስተምራል። እሷ ያሳየችኝ ግን ያቺ አንዲት ቃል የክላሱን ኮፒ እንደምትነካ ነው። አዲስ ኦብጀክት ሲፈጠር ኮፒው እንደ ወትሮው ይሠራል። ኮምፓይለሩ በነፃ የሚሰጠን አሳይመንት ግን ቀረ። ነባሩ ኦብጀክት ውስጥ ያለው ቋሚ አባል በምን ሊቀየር! ለሁሉም ኦብጀክት አንድ የሆነ ዋጋ፣ ለምሳሌ አንድ ወረፋ የሚይዘው ከፍተኛ መጠን፣ ስታቲክ ኮንስት ቢሆን ይሻላል። ያኔ ንብረትነቱ የክላሱ ስለሆነ ከኦብጀክት ጋር አይገለበጥም፣ አሳይመንቱንም አያስቀርም።

ጃቫ ለምትጽፉም ትሆናችኋለች። እዚያ የእኩል ምልክት ኦብጀክት አይገለብጥም፣ የሚገለበጠው ሪፈረንሱ ነው። ፋይናል (የጃቫው «አይቀየርም») የተባለ ቫሪያብል ሌላ ሊስት ሊይዝ አይችልም፣ የያዘው ሊስት ውስጥ ግን መጨመርና መቀነስ ይቻል ይሆናል። ከሁሉ ያስገረመኝ የስታቲክ ፋይናል ነገር ነው። ቁጥሩ ኮምፓይል ሲደረግ የሚታወቅ ከሆነ በሚጠቀሙት ክላሶች ውስጥ በቀጥታ ይጻፋል። ቁጥሩን ቀይራችሁ ያንን ክላስ ብቻ ኮምፓይል ካደረጋችሁ ሌሎቹ በአሮጌው ይቀጥላሉ። ኮንስታንቱም ለካ ኮፒ ይደረጋል!

ፓይተን ላይ ብዙ አልቆየንም። እዚያ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ስም «አትንኩኝ» የሚለው በስምምነት ነው፣ ቋንቋው አይከለክልም።

እንከን የላትም አልልም። ቀስ ትላለች። ዝግጁ ኮድ አትሰጥም። ጥያቄን በጥያቄ መመለሷ አንዳንዴ ያስመርራል። ነገ ፈተና ላለበት ሰው አልመክራትም። ግን የላክሁላትን ኮድ ሳታነብ ቀርባ አታውቅም፣ መስመር እየጠራች ነው የምታወራው። ይህን የሚያደርግ ሰው እንደ ልብ አይገኝም። ክብረት ይስጥልኝ።

የምትጀምሩ ካላችሁ የራሳችሁን ክላስ አዘጋጁ፣ ከመጽሐፍ የተቀዳ ምሳሌ አትቀበልም። ፖይንተር ያለበት ቢሆን ደግሞ ደስ ይላታል።