የሆርሞን መድኃኒትን ሕመም «በጾም እናስታግሳለን» ለሚሉ ሻጮች ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

ከጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምናዬ በኋላ ሌትሮዞል የተባለውን የሆርሞን መድኃኒት በቀን አንድ ፍሬ መውሰድ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጠዋት ስነሣ ጣቶቼ አልዘረጋ ይሉኛል፤ ሌሊት ደግሞ ድንገት የሚነሣ ሙቀት አንሶላዬን በላብ ያርሰዋል። ይህን ስቃይ የምታውቁ እህቶቼ እንዴት በቀላሉ እንደተታለልኩ አይጠፋችሁም።

በቴሌግራም ያገኘሁት ሻጭ የ21 ቀን «የማጽጃ ጾም» በ18,000 ብር ሸጠልኝ። በቀን አንድ ጊዜ በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ዱቄት ላከልኝ፤ ሽታው አብሽ አብሽ ይላል። ከረጢቱ ላይ ከስልክ ቁጥር በቀር ምን እንደተቀላቀለበትም ሆነ የት እንደተዘጋጀ የሚገልጽ አንድም ጽሑፍ አልነበረም። «ጾም» የሚለውን ቃል የመረጠው እምነታችንን ዐይቶ ይመስለኛል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ሕመምተኛን በጾም አታስገድድም።

በሰባተኛው ቀን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ራሴን ስቼ ወደቅሁ። ሌትሮዞል በሰውነታችን ውስጥ ያለውን ኤስትሮጅን የተባለ የሴት ሆርሞን ስለሚቀንስ አጥንትን ያሳሳል፤ ስለዚህ ክንዴ አብጦ ብቻ መትረፌን እንደ ትልቅ ዕድል እቆጥረዋለሁ።

ዋናው ወጥመድ የተገለጠልኝ ገንዘቤን ስጠይቅ ነው። «ካልሠራ ይመለሳል» የተባለው ዋስትና፣ በጾሙ ወቅት «ማንኛውንም ክኒን» የወሰደችን ሴት እንደማይመለከት በውሉ መጨረሻ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ገንዘቧን ማስመለስ የምትችለው እንግዲህ ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚከላከልላትን መድኃኒት ያቋረጠች ብቻ ናት። እኔ ሌትሮዞሌን አንድም ቀን ስላላቋረጥኩ ውሉን እንዳፈረስኩ ተነገረኝ።

ሻጩ የሚጠቅሰው፣ ጾምን ከጡት ካንሰር የሆርሞን ሕክምና ጋር ስለማጣመር እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት በእርግጥ አለ። ነገር ግን ዋናው ውጤት የተገኘው በአይጦች ላይ ሲሆን፣ የተሳተፉት 36 ሴቶችም የሆርሞን መድኃኒታቸውን እየወሰዱ፣ በሐኪሞች ክትትል ሥር፣ በየዙሩ ለጥቂት ቀናት ብቻ ምግባቸውን የቀነሱ ነበሩ። የጥናቱ ጥያቄም የመገጣጠሚያ ሕመምን ስለማስታገስ አልነበረም።

ሐኪሜ የነገሩኝ ሕመሙ ካልቻልኩት መድኃኒቱን በአናስትሮዞል ወይም በታሞክሲፌን መለወጥ እንደሚቻል፣ አዘውትሮ መራመድም የመገጣጠሚያ ሕመምን እንደሚቀንስ ነው። የአጥንት ጥንካሬ ምርመራም አዘውልኛል። ይህን ሁሉ ቀድሜ ብጠይቃቸው ኖሮ 18,000 ብሩ ለምርመራዬ ይውል ነበር።

ተመሳሳይ ዱቄት የገዛችሁ ካላችሁ መጠጣቱን አቁሙ፤ ከረጢቱንና የባንክ ደረሰኙን ግን አትጣሉ። እኔ የእኔን ይዤ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ላመለክት ነው።