“ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ይቀየር” ከተባላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት

የመኪናችሁ ፍሬን ትንሽ ደከም ሲል ጋራዥ ትወስዳላችሁ። ሰውየው ገብቶ ፔዳሉን አንዴ ረገጥ ያደርጋል። ኮፈን አልከፈተም፣ ጎማ አላወለቀም። ከዚያ ዝርዝሩን ይደረድረዋል። ማስተር ሲሊንደር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው)፣ የአራቱም ጎማ ሸራ (ተፋትጎ ጎማውን የሚያቆመው)፣ የፊት ሁለቱ ዲስኮች (የፊት ሸራዎቹ የሚይዟቸው ክብ ብረቶች)፣ ሰርቮውም (የእግራችሁን ግፊት የሚያግዘው) አብሮ። “አንድ ላይ ካስደረጋችሁ ቅናሽ አለው” ይላችኋል። ይህን ቅናሽ አትቀበሉ።

የአክስቴ ልጅ ቪትዝ ትነዳለች። መብራት ላይ ፍሬን ይዛ ስትቆም ፔዳሉ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርድባት ጀመር። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጋራዥ ወሰደችው። “እህቴ፣ ይሄ በሕይወት መቀለድ ነው” ብሎ ከወር ደመወዟ የሚበልጥ ሂሳብ ጻፈላት። ፍሬን ነዋ፤ ማን ይከራከራል? እነሱም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ደግነቱ ቀብድ ሳትከፍል ደወለችልኝ። መኪናው እዚያው እንዲቆም አድርገን ሌላ መካኒክ ይዘን ሄድን። ፔዳሉ የሚወርድ መኪና “እስከዚያ ድረስ ቀስ ብዬ ልንዳው” አይባልም።

ይህኛው መካኒክ መጀመሪያ ያነሳው መፍቻ ሳይሆን እስክሪብቶ ነው። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ላይ ዘይቱ የደረሰበትን ልክ ምልክት አደረገበት። ከዚያ ሞተሩን አስነስታ ፔዳሉን ደጋግማ እንድትረግጥና ረግጣ እንድትይዝ አደረገ። ፔዳሉ ወረደ። የዘይቱ ልክም ከምልክቱ በታች ሆነ።

ነገሩ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ፔዳሉ እየወረደ ዘይቱ ካልቀነሰ፣ ማስተር ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጎሚኒ አርጅቶ ዘይቱን እያሳለፈ ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ዘይቱ ከቀነሰ ግን ወደ ውጭ የሚፈስበት ቦታ አለ። ስለዚህ ፍለጋው ወደ ጎማዎቹ ሄደ። የኋላው ቀኝ ጎማ በውስጥ በኩል ረጥቧል። ታምቡሩ (ሸራውን የሚሸፍነው ክብ ብረት) ሲወልቅ ሸራውን የሚገፋው የጎማው ሲሊንደር ጎሚኒ ተበልቶ፣ ሸራው ዘይት ጠጥቶ ተገኘ።

ልብ በሉ፤ ያ ሁሉ ዝርዝር ሲደረደር ይህ ሲሊንደር ስሙም አልተነሳም። ያን ሁሉ ከፍላ ብትወጣ ኖሮ ፔዳሉ መውረዱን ይቀጥል ነበር።

የተቀየረው ሲሊንደሩና የኋላ ሁለቱ ጎማዎች ሸራ ነው። ሁለቱም ጎማ የተነካው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘይት የጠጣ ሸራ ቢታጠብም አይታመንም። በአንድ በኩል አዲስ፣ በሌላ በኩል አሮጌ ሸራ ከሆነ ደግሞ ፍሬኑ ሚዛን ያጣል። ሲፈታ የገባው አየር ወጣ፣ ዘይቱ ተሞላ፣ አለቀ። ማስተሩም፣ ሰርቮውም፣ ዲስኮቹም ደህና ነበሩ።

ሰርቮ ውድ ስለሆነ እንዲህ ያለ ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ይወዳሉ። መፈተኛው ግን ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ሞተሩን አጥፉ። ፔዳሉ እስኪጠነክር ድረስ አራት አምስት ጊዜ ርገጡ። እንደረገጣችሁ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው እየሠራ ነው። ንቅንቅ ካላለም ወዲያው ሰርቮ አይገዛም። ከሞተሩ ወደ ሰርቮው የሚሄደው ቱቦ ተሰንጥቆ ወይም ላልቶ እንደሆነ ይታይ። የቱቦና የሰርቮ ዋጋ ሰማይና ምድር ነው።

ዲስክም እንደዚሁ ነው። ፍሬን ስትይዙ ብቻ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የፊት ዲስክ ይጠረጠራል። ፍሬን ሳትይዙም በፍጥነት ስትሄዱ ከተንቀጠቀጠ መጀመሪያ የጎማ ባላንስ ይታይ። “ዲስኩ አልቋል” ካሉ “ለኩና አሳዩኝ” በሉ። ብዙ ጊዜ ዝቅተኛው ውፍረት በሚሊ ሜትር ራሱ ዲስኩ ላይ ተቀርጿል። ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) ያለው መኪና ደግሞ በድንገት አጥብቃችሁ ስትረግጡ ፔዳሉ እግራችሁ ሥር ይርገበገባል። ያ ሥራው ነው፤ እንደ ብልሽት አትክፈሉበት።

ፔዳሉ ሲለሰልስና ደጋግማችሁ ስትረግጡት ሲጠነክር አየር ገብቶ፣ ወይም የኋላው ሸራ ማስተካከያ ላልቶ ሊሆን ይችላል። መኪናው ወደ አንድ ወገን የሚጎትት ከሆነ የተያዘ ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው) ወይም ዘይት የነካው ሸራ ይፈለግ። ማስተካከያው፣ ካሊፐሩና ሸራው ጎማ ሳይወልቅ አይታወቁም።

አሁን ደግሞ ስለ ዕቃው። ጋራዡ “እኛ ጋ አለ” ቢልም፣ ሶማሌ ተራ ወይም የምታውቁት መለዋወጫ ቤት ዋጋ ሳትጠይቁ እሺ አትበሉ። ካርቶኑ አያታላችሁ፤ ካርቶን ማተም ቀላል ነው። ሸራውን አውጥታችሁ እዩት። ከብረቱ ጋር የተጣበቀበት ጠርዝ ከተላቀቀ፣ ስንጥቅ ካለው፣ ወይም ከአንድ ካርቶን የወጡት ውፍረታቸው ከተለያየ መልሱ። ጥራት የሌለው ሸራ ከተማ ውስጥ ደህና ሊመስል ይችላል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርዱ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ሙቀት የማይችል ሸራ እዚያ ነው የሚከዳው።

የፍሬን ዘይትም እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው በደረጃው መሠረት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ውሃ ሲስብ ግን መፍያው እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ተከፍቶ ከከረመ ዕቃ አይቀዳላችሁ፤ ፊታችሁ ታሽጎ ያለው ይከፈት። ቀለም ስለሚበላም ቦዲው ላይ ከፈሰሰ ቶሎ በውሃ ይታጠብ።

“ቦሎ ወስጃለሁ፣ ፍሬኔ ተመርምሯል” የምትሉም አላችሁ። ምርመራው የዚያን ቀኑን ነው የሚናገረው። ሸራና ጎሚኒ እስከሚቀጥለው ዓመት አይጠብቁም።

ጋራዡ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዱ ዕቃና የእጅ ዋጋ ለየብቻ ይጻፍላችሁ። “ጠቅላላ የፍሬን ሥራ” የሚል ደረሰኝ ምንም አያስረዳም። ጎማው ሲወልቅ አጠገቡ ቁሙ። ቢደብራቸውም ይደብራቸው። የወለቀው አሮጌ ዕቃም በእጃችሁ ይግባ። “ጥለነዋል” ካሏችሁ የዚያን ዕቃ ዋጋ ከሂሳቡ አሰርዙ።