የካምፓስ ዋይፋይ፦ ኤዱሮም ወይስ በመግቢያ ገጽ የሚከፈተው?

በመግቢያ ገጽ የሚከፈተው ዋይፋይ ለመጀመር ቀላል ነው፤ ኔትወርኩን ትመርጣላችሁ፣ ገጹ ሲመጣ የተማሪ መለያና የይለፍ ቃል ታስገባላችሁ። ገጹ አልመጣ ካለ ብዙ ጊዜ መንስኤው ቪፒኤን (ግንኙነቱን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ መተግበሪያ) ወይም ፕራይቬት ዲኤንኤስ (የድረ ገጾችን አድራሻ በተመሰጠረ መንገድ የሚጠይቅ የስልክ ቅንብር) ነው። ሁለቱንም አጥፍታችሁ በኤችቲቲፒኤስ ሳይሆን በኤችቲቲፒ የሚጀምር አድራሻ ክፈቱ፤ በኤችቲቲፒኤስ የሚከፈተውን የተመሰጠረ ገጽ ኔትወርኩ ወደ መግቢያው ሊመልሰው አይችልም። ደግሞ ጊዜው ባለፈ ቁጥር እንደገና መግባት አለ፤ ፈተና ኦንላይን ለሚወስድ ተማሪ ይህ ትልቅ ጣጣ ነው።

ኤዱሮም (eduroam)፣ ማለትም አባል ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚጠቀሙበት ዋይፋይ፣ የሚያደክመው መጀመሪያ ቀን ብቻ ነው። የተጠቃሚ ስም ላይ መለያው ብቻውን አይበቃም፤ ከ@ ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲው አድራሻ ይጨመር። ሌላ ግቢ ስትሄዱ ጥያቄው ወደ እናንተ ተቋም የሚላከው በዚህ አድራሻ ነው። «ሰርተፊኬት (የኔትወርኩን እውነተኛነት የሚያሳይ ዲጂታል ማስረጃ) አታረጋግጥ» የሚለውን ግን በፍጹም አትምረጡ፤ በኤዱሮም ስም የተከፈተ የሐሰት ዋይፋይ የይለፍ ቃላችሁን ሊወስድ ይችላል። ተቋማችሁ ከተመዘገበበት ጌትኤዱሮም የተባለው መተግበሪያ ይህን ሁሉ በራሱ ያስተካክላል።

ለዕለት ተዕለት ሥራ ኤዱሮም ይሻላል፤ አባል በሆነ ዩኒቨርሲቲ ሁሉ፣ ውጭ አገርም ቢሆን፣ በራሱ ይገናኛል። የይለፍ ቃል ከቀየራችሁ ግን ስልኩ አሮጌውን ደጋግሞ እየላከ አካውንቱን ሊያስቆልፍ ስለሚችል፣ የተቀመጠውን ኔትወርክ ሰርዛችሁ በአዲሱ ግቡ።