«እስከ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የጾም ቤት፤ ደብረ ብርሃን

ደብረ ብርሃን ላይ የጾም ምግብ ችግር የለም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥጋ ቤቱ ሳይቀር ቢላውን ሰቅሎ ሽሮ ይጥዳል። ስለዚህ «አሪፍ በያይነቱ አገኘሁ» ብዬ ብጽፍ የሚደነቅ ሰው የለም። ይህን ቤት ያነሳሁት ሰዓት የሚያውቅ የጾም ቤት ሌላ ስላላየሁ ነው። ምግቡም ይጣፍጣል፣ እሱ ላይ እመጣለሁ።

ቤቱ ታፔላ የለውም። ከጠባሴ ወደ መሃል ከተማ ስትሄዱ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ ግቢ ነው፤ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አለው። ባለቤቷን ሁሉም «እትዬ» ይሏቸዋል፣ ቤቱም «እትዬ ጋ» ነው። ሌላ ስም ስለሌለው እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ሌላ ቤት ስትገቡ አስተናጋጁ የሚጠይቃችሁ «የጾም ነው የፍስክ?» ብሎ ነው። አለቀ። እዚህ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «እስከ ስንት ሰዓት ነው?» የሚል ነው። እስከ 9 ነው ካላችሁ ውሃ እንኳ ጠረጴዛው ላይ አይቀመጥም። እጃችሁን ታጥባችሁ ትቀመጣላችሁ፣ ማንም «ምን ልታዘዝ» እያለ አይጨቀጭቃችሁም፣ ልክ 9 ሲሆን ትሪው ይመጣል። ትኩስ ነው። ወጡ ከረፋዱ ጀምሮ ተጥዶ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የዋለ አይደለም፣ ሰዓቱ ታስቦ ነው የሚወጣው።

ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል። አይደለም። እኛ ኦርቶዶክሶች ጾም ስንል ሁለት ነገር ነው፤ ከምን እና እስከ መቼ። የመጀመሪያውን ሁላችንም እንይዘዋለን፤ 55ቱን ቀን ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ግን ፈጠን ብለን እናልፋለን። ጌታ በመስቀል ላይ ነፍሱን የሰጠው በ9 ሰዓት ነው፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴው ቀን ላይ የሚገባውም ለዚያ ነው፣ እኛ ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ የጾም ፍርፍራችንን ከሻይ ጋር ጥርግ አድርገን «ጾም ላይ ነኝ» እንላለን። አልፈርድም። ጨጓራ ያለበት አለ፣ ሌሊት ተረኛ የሆነ አለ። ግን ምግብ ቤቶቹም ያንኑ ተከትለው ጾምን የምግብ ዝርዝር ብቻ አድርገውታል። የጾም ፒዛ፣ የጾም ኬክ፣ የጾም በርገር። እትዬ ጋ ኬክ የለም።

እስከ 9 መቆየት ለማይችል ደግሞ ከጓሮ በኩል አንዲት ክፍል አለች። ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡር፣ አራስ፣ ትንሽ ልጅ የያዘ ሰው እዚያ ገብቶ በጠዋቱም ይበላል። በር ላይ የቆመ ጠያቂ የለም። እትዬ «ያ በንስሐ አባቱና በሱ መሃል ነው» ይላሉ፣ ሌላ አይጨምሩም።

አሁን ወደ ትሪው። እንጀራው የምንጃር ጤፍ ነው ይላሉ፣ እኔም አምናለሁ፤ ዓይኑ የወጣ፣ ሳይደርቅ እስከ መጨረሻው የሚቆይ። ምስር ወጡ የተቁላላ ሽንኩርቱ የበዛ ነው፣ ክክ አልጫው ደግሞ እርድ ያልበዛበት። ጎመኑ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት አለው። አዚፋው ቀዝቅዞ ነው የሚቀርበው፣ እንደ ደንቡ፣ ሰናፍጩ አፍንጫ ላይ ይወጣል። ሱፍ ፍትፍቱ ለስላሳ ነው። ግን እዚህ ቤት የምመላለሰው በስልጆው ነው። ስልጆ አሁን አሁን ምግብ ቤት ውስጥ እየጠፋ ነው፣ ምክንያቱም ለዛሬ ብለህ ዛሬ አትሠራውም። የባቄላ ዱቄቱ በሱፍ ውሃ ይገነፋል፣ ሰናፍጭ ይገባበታል፣ ከዚያ ቀናት ቆይቶ ነው የሚኮመጥጠው። ትዕግሥት የሌለው ቤት ባቄላውን በሎሚ አኮምጥጦ ያቀርብልሃል፤ አንድ ቦታ እንደዚያ በልቼ ሆዴን ሲነፋኝ ነው ያመሸሁት። የእትዬ ስልጆ ግን እናቶቻችን ከማሰሮ ይቀዱት የነበረው ነው። ማንኪያ አይሰጥም፣ በእንጀራ ጠርዝ ነው የሚነካው። ቶሎ ያልቃል፣ አስቀድማችሁ «ስልጆ አስቀሩልኝ» በሉ።

በሶም አለ። ደጋ ነንና ገብስ አይጠፋም። በውሃ የተበጠበጠ፣ ጨው ጣል የተደረገበት በሶ ብርድ ባለበት ቀን ከሻይ በላይ ይዞ ያቆያል። ወደ ጻድቃኔ ማርያም የሚሄዱ ሰዎች ከአዲስ አበባ ሲመጡ እዚህ ቆም ብለው ቆሎና በሶ ይገዛሉ፤ እትዬ በላስቲክ አስረው ያዘጋጁላቸዋል። ጸበሉ በባዶ ሆድ ስለሆነ በመንገድ ምግብ የሚበላ የለም፣ የሚገዛው ለመልሱ ወይም ሱባኤ ገብተው ለሚቆዩባቸው ቀናት ነው። በፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ግቢው በነሱ ይሞላል። ነጠላ ያጣፉ እናቶች፣ ከነፍራሻቸው የመጡ ወጣቶች፣ አንዳንዱ ውዳሴ ማርያሙን እያነበነበ ሰልፉ ላይ ይቆማል።

እስካሁን የጻፍኩት ለኦርቶዶክሱ ነው። ቤቱን ይበልጥ የወደድኩት ግን ሌሎቹን ይዤ ስሄድ ነው።

የምሠራበት ቦታ ሰው ከየአገሩ ነው የመጣው። አንዱ ባልደረባዬ የወላይታ ልጅ ነው፣ ጴንጤ። እነሱ በዓመቱ ላይ የተዘረጋ የጾም መቁጠሪያ የላቸውም፤ ቤተ ክርስቲያናቸው የጾምና ጸሎት ሳምንት ሲያውጅ ወይም ራሱ አንድ ጉዳይ ሲይዘው ይጾማል። ሲጾም ግን የምር ነው። ምንም አይቀምስም፣ አንዳንዴ ውሃም ጨምሮ፣ እስከ ማታ 12። ከዚያ የፈለገውን ይበላል። ሥጋም ቢሆን። መጀመሪያ ሰሞን የኛ ሰዎች ሳቁበት፣ «ጾሞ ውሎ በጥብስ የሚፈታ፣ ይሄ ምን ጾም ነው?» አሉት። እሱም ዞር ብሎ «አንተስ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ፍርፍር በልተህ ምን ጾም ነው?» አላቸው። ተሳሳቅን። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም።

የሱ ችግር ሌላ ነው። እየጾመ መሆኑን መናገር አይፈልግም፤ ማቴዎስ 6 ላይ ስትጾም ራስህን ተቀባ፣ ፊትህን ታጠብ የሚለውን ቃል በቃል ነው የያዘው። ጾም ላይ ሲሆን ቫዝሊኑን ተቀብቶ አብረቅርቆ ነው የሚመጣው፣ እንዲያውም እሱን አይቼ ነው የማውቀው። ሌላ ካፌ አብሮን ሲቀመጥ አስተናጋጆቹ አያስቀምጡትም፤ «ምንም ካላዘዝክ ቦታ አትያዝ» የተባለበት ቀን አለ። እትዬ ጋ ግን ጥያቄው ለሁሉም አንድ ነው፣ እስከ ስንት ሰዓት። «12» ይላል፣ ያልፉታል። ማታ የሚበላው በፌስታል ታስሮ በሩ ላይ ይጠብቀዋል፣ ይዞት ወደ አዳር ጸሎቱ ይሄዳል። በዐቢይ ጾም ቤቱ ሥጋ ስለማይሠራ የታሰረለትም ያው በያይነቱ ነው፣ አማርሮ አያውቅም። አልፎ አልፎ ደግሞ የዳንኤል ጾም ይይዛል። ዳንኤል 10 ላይ እንዳለው ሦስት ሳምንት ሥጋና ወይን የለም። ያኔ ሙሉ በሙሉ የኛ ትሪ ሰው ነው፤ ስልጆውንም ይሻማናል።

ሌላዋ የሐዋሳ ልጅ ናት፣ የላቲን ሥርዓት ካቶሊክ። በነሱ የግዴታ ጾም ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ጾማቸው የሚገባበት የዐመድ ረቡዕና ስቅለት። ከ18 እስከ 59 ዓመት ያለ ሰው በነዚያ ቀናት አንድ ሙሉ ምግብና ሁለት ቀለል ያሉ ይወስዳል። በዐቢይ ጾም ደግሞ ዓርብ ዓርብ ሥጋ አትበላም፣ እንቁላልና ዓሣ ግን ይፈቀድላታል። የግዕዝ ሥርዓት የሚከተሉት ካቶሊኮች ጾም ለኛ የቀረበ እንደሆነ የነገረችኝም እሷ ናት። ታዲያ ጾሟ ከኛ ይቀላል ልበል? አልፈርድም፣ ምክንያቱም ዓርብ ከሥራ ስንወጣ እኛ ወደ ሽሮ ስንሮጥ እሷ ፍኖተ መስቀሏን፣ የጌታን የመስቀል መንገድ የሚከተለውን ጸሎት፣ ትጸልያለች፣ 14ቱንም ምዕራፍ። እትዬ ጋ በጾም እንቁላል ጠይቃ አጥታለች። ዓሣም የለም። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በኛው መካከል እንኳ ስላላለቀ እትዬ ነገሩን ከነጭራሹ አላስገቡትም። ቅር አላላትም። ምጣዱና ቢላው ከቅቤና ከእንቁላል ንጹሕ እንዲሆን ነው፣ እኔም ይሄን ነው የምፈልገው፤ በሌላ ቤት «የጾም» ተብሎ የቅቤ ሽታ ያለው ፍርፍር ቀርቦልኝ ያውቃል።

አድቬንቲስቱ ጓደኛችን ቡና አይጠጣም። ለሱ የጦስኝ ሻይ አለ። አለቀ፣ እሱ የተመቸው ሰው ነው።

ስለ ድምፁም ልናገር። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጽናጽል በቤተ ክርስቲያንም አይመታም፣ እትዬ ጋም የሚሰማው በገና ብቻ ነው፣ ዝቅ ተደርጎ። ማዕዱ ሲቀርብ አንድ ደቂቃ ያህል ይዘጉታል። አንዱ ቆሞ አባታችን ሆይ ይላል፣ ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ የራሱን ጸሎት ያደርሳል፣ የሐዋሳዋ ልጅ አማትባ ትቀመጣለች። «በጋራ እንጸልይ» የሚል የለም፤ ማንም ማንን አይጠብቅም፣ ማንም ማንን አያቋርጥም። ከዚያ በገናው ይቀጥላል።

ጉድለቱን ደግሞ ስሙ። አንደኛ፣ ዓርብ 9 ሰዓት ሰልፉ አይቻልም። ቅዳሴ የወጣው ሁሉ አንድ ላይ ይመጣል፣ አንዲት አስተናጋጅ ናት ያለችው። ከ9 ተኩል በኋላ ሂዱ፣ ወይም ቀድማችሁ ተቀመጡ። ሁለተኛ፣ ዘይት። ድንችና ጥቅል ጎመኑ በዘይት ይዋኛል፤ ለጾም ቀርቶ ለፋሲካም ይበዛል። ነግሬያቸዋለሁ፣ «ብርድ ነው የኔ ልጅ፣ ይያዝህ» ብለው አለፉኝ። ሦስተኛ፣ ቀይ ሥሩ ጥግ ላይ ካልተደረገ ትሪውን በሙሉ ያቀላዋል፣ ለብቻው በትንሽ ሳህን አድርጉልኝ ማለት ትችላላችሁ። ውጪ ያሉት ወንበሮች ላይ በጥቅምትና በኅዳር አትቀመጡ። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ነው፣ እዚህ ግን አንድም አይሰጡም። ዋጋው ለአንድ ሰው በያይነቱ 150 ብር ነው፤ ከአካባቢው ትንሽ ወደድ ይላል፣ ግን ጭማሪ እንጀራ አይቆጠርባችሁም። ቴሌብር ይሠራል።

ቅዳሜና እሑድ ሰዓት ስለማይጾም ከጠዋት ጀምሮ ለሁሉም ይቀርባል፣ ቂንጬ በዘይትና ፉል አለ። ቀዳም ስዑር ግን ዝግ ነው። በሰሙነ ሕማማት አስተናጋጇ እጅ አትጨብጥም፣ እንዳትቀየሙ። ጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ይቀቀላል፣ ስንዴና ባቄላ፣ ጨው ብቻ፤ ለገባ ሁሉ በነጻ ነው። ዓርብ ስቅለት ሰው ሁሉ ስግደት ላይ ስለሚውል በሩ አይከፈትም፤ አክፍሎት የያዘም እስከ ትንሣኤ ሌሊት አይቀምስም።

ከፋሲካ በኋላ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም እትዬ ወደ ፍስክ ይዞራሉ፣ ዶሮ ወጥ ይሠራሉ። እውነቱን ለመናገር ዶሮ ወጣቸው ተራ ነው፤ ቅመሙ ይጎድለዋል፣ ሽንኩርቱም አይበስልም። ለዶሮ ሌላ ቤት ሂዱ፣ የሰኔ ጾም ሲገባ ተመለሱ።