ለሀዋሳ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አሰልጣኞች፦ እጃችሁ ይባረክ

የቱላና የዳቶ ወላጆች፣ በተለይ እናንተ እንድታነቡልኝ ነው የምጽፈው።

ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰደችው በ2015 ነው። የዚያን ዓመት ውጤት የረሳ ያለ አይመስለኝም። በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። እሷም አላለፈችም። ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ። ዘመድ አዝማዱ "ዐረብ አገር ትሂድ" አለ፤ ፓስፖርት ላውጣላት ያለም ነበር። ፖሊ ቴክኒክ ገብታ ኤሌክትሪክ ትማር ያለችው ታናሽ እህቴ ናት። እሷንም እግዜር ይስጥልኝ። "ሴት ልጅ ምሰሶ ልትወጣ ነው?" ያሉትን አልሰማንም።

አሰልጣኞቹ መብራት ስለበራ ብቻ ጎበዝ አይሉም። ሰልጣኙ ሠርቶ ሲጨርስ ክዳኑን ይፈቱና ገመዱን በእጃቸው ሳብ ያደርጉታል። ከተነቀለ እንደ አዲስ ይሠራል። ልጄ መጀመሪያ አካባቢ እያለቀሰች የገባችበት ቀን ነበር። ዛሬ ግን ማንም ሳያያት የራሷን ሥራ ራሷ ስባ ትፈትሻለች። ለእኔ ከሰርተፍኬቱ በላይ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

የቤታችን የእንጀራ ምጣድ ይይዘን ነበር። በእርጥብ እጅ ከነካችሁት ንዝረቱ እስከ ትከሻ ይሰማል። የሰፈር ባለሙያ በመጣ ቁጥር ሶኬት ቀይሮ ይሄዳል፤ ሶኬቱም ተመልሶ ይቀልጣል። አንድ እሁድ ልጄ ከፍታ አየችው። "እማ፣ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ነው። ይሄ ገመድ ውፍረቱ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፣ የአምፖል ገመድ ነው" አለችኝ። ኧርዝ የሚባለው፣ ያፈተለከውን መብራት ወደ መሬት የሚወስደው ገመድም ጭራሽ አልተዘረጋም።

ከመንካቷ በፊት አሰልጣኟ ጋ ደወለች። በእረፍት ቀናቸው ነው፣ ግን አነሱ። ድምፃቸውን ከፍ አድርጋው ስለነበር ሰማሁ። ዋናውን ብሬከር አጥፊ አሏት። ቴስተሩን መጀመሪያ መብራት ባለበት ሞክሪው፣ ራሱ ተበላሽቶ እንዳያታልልሽ አሏት። ሥራው እስኪያልቅም ደጋግመው ደወሉ። ለምጣዱ ብቻ ወፍራም፣ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ከነራሱ ብሬከር ዘረጋች፤ ውጭ የመዳብ ዘንግ መሬት ቀብራ ኧርዙን አገናኘች። ከዚያ ወዲህ ምጣዱም አልያዘን፣ ሶኬትም አልቀለጠ። መምህር፣ ስምዎን ሳላስፈቅድ አልጽፍም። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ከተማችን ወደ እኛ እየመጣች ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ከተመረቀ ወዲህ ሀዋሳ እንዴት እንደተለጠጠች የምታዩት ነው። ትናንት እንሰትና በቆሎ የነበረው መሬት ዛሬ ብሎኬት ተደርድሮበታል። ያ ሁሉ ቤት መብራት ይገባበታል። የሚያስገቡት የእኛው ልጆች ቢሆኑ ምን አለበት?

ስለዚህ ልጁ ውጤት አልመጣለትም ብላችሁ ቤት አታስቀምጡት። የምዝገባ ማስታወቂያ ሲወጣ ሬጅስትራር ሄዳችሁ ጠይቁ። የትራንስፖርቱ ነገር እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ የባጃጅ ብር እያጣን በእግሯ የሄደችበት ጊዜ ነበር። ቢሆንም ይቻላል። ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና አልፋ አሁን ከአንድ ኮንትራክተር ጋር እየሠራች ነው። የታናሽ ወንድሟን ደብተር የምትገዛው እሷ ናት።

ጋራዥና ወርክሾፕ ላላችሁ፣ ሕንጻ ለምትሠሩ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ኮሌጁ ለትብብር ሥልጠና ልጆች ሲልክላችሁ ሻይ አታስልኳቸው። ፒንሳውን አስይዟቸው፤ አጠገባቸው ቆማችሁ አሠሯቸው።